በሴንሰር የሚሠሩ የማጠቢያ መሣሪያዎችና በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የሚደረግ የውሃ ቁጠባ

የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከመኖሪያ ቤት መጸዳጃ የሚለየው በተጠቃሚው ብዛት ብቻ አይደለም። በመኖሪያ ቤት ውሃውን የሚለቀውና የውሃውን ሂሳብ የሚከፍለው ሰው አንድ ነው፤ ሲፎኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ቢያድር ድምፁን የሚሰማው፣ በወሩ መጨረሻም ዋጋውን የሚያየው እርሱ ራሱ ነው። በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ውሃውን የሚለቀው አንድ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ፣ ብልሽቱን የሚጠግነው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ሦስቱም ላይተዋወቁ ይችላሉ። ከዚህም የተነሣ በሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚባክነው ውሃ ባለቤት የሌለው ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ችግር ለማስወገድ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ የሰውን እጅ ከሥራው ማውጣት ነው። ተጠቃሚው እጀታ ሳይነካ፣ ሰንሰለት ሳይስብ፣ የሰውን መቅረብና መራቅ የሚያስተውል ሴንሰር ውሃውን በተወሰነ መጠን ይለቃል፤ ይዘጋልም። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በብዙ አገሮች በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በሆቴሎችና በትላልቅ ሕንፃዎች የተለመደ ሆኗል፤ በአዲስ አበባም በአዳዲስ ሕንፃዎች መታየት ጀምሯል። ለገበያ ሲቀርብም በአብዛኛው የሚነገርለት ውሃ ይቆጥባል ተብሎ ነው። ይህ አባባል በከፊል እውነት፣ በከፊል ደግሞ ስሕተት ነው። እውነት የሚሆነው የት ላይ እንደሆነ፣ የሚሳሳተውም የት ላይ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለሕንፃ ባለቤቶች፣ ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና ለግዥ ሠራተኞች ሁሉ ይጠቅማል።

ከእጀታ ወደ ሴንሰር

በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ አሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1596 ባሳተመው ጽሑፍ ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ በሚወርድ ውሃ የሚታጠብ መጸዳጃን ገልጿል። ይሁን እንጂ ነገሩ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የበቃው አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ውሃ የሚቋጥር ጠማማ ቧንቧ ያለበትን መጸዳጃ በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ነው። በጠማማው ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ ይዘጋል። ዛሬ ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ የሚያውቀው የሲፎን አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው። ጆሴፍ ብራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1778 የራሱን የተሻሻለ ሥራ አስመዘገበ።

መጸዳጃው ከቤት ወጥቶ ለሕዝብ የቀረበበት ታዋቂ አጋጣሚ እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ የተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነው። ጆርጅ ጄኒንግዝ የተባለው የቧንቧ መሐንዲስ በዚያ ላቆማቸው መጸዳጃዎች ከ800 ሺህ በላይ ጎብኚዎች አንዳንድ ፔኒ እየከፈሉ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአውሮፓ ከተሞች የሕዝብ መጸዳጃዎችን በየአደባባዩ ሲያሠሩ አንድ ችግር ወዲያው ታየ። መቀመጫ ያለው መጸዳጃ በተጠቃሚው እጅ ይታጠባል፤ የወንዶችን መሽኛ ግን የሚያጥበው ሰው አልተገኘም። ሽንቱን ሸንቶ የሚሄደው ሰው ሰንሰለት መሳብን እንደ ግዴታው አይቆጥረውም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብዙው አይቆጥረውም።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለመሽኛዎች በራሱ የሚለቅ ማጠራቀሚያ አበጁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ የተሰቀለ ሣጥን በትንሽ ቧንቧ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በውስጡ ያለው ሲፎን ይስበውና ውሃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና መሙላት ይጀምራል። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ቀን ቢሆንም ሌሊት ቢሆንም ሥራውን አያቋርጥም። ይህ የመጀመሪያው አውቶማቲክ የማጠቢያ መሣሪያ ነው ሊባል ይችላል፤ በውሃ አባካኝነቱም ወደር የለውም።

በአሜሪካ በኩል የተለየ መንገድ ተይዟል። ዊልያም ኤልቪስ ስሎን እ.ኤ.አ. በ1906 በቺካጎ የመሠረተው ኩባንያ ማጠራቀሚያ ሣጥን የማያስፈልገው፣ በቀጥታ ከግፊት ቧንቧ ጋር የሚገናኝ የማጠቢያ ቫልቭ ማምረት ጀመረ። ቫልቩ ሣጥን እስኪሞላ መጠበቅን ስለሚያስቀር አንድ ሰው ወጥቶ ሌላው ወዲያው ለሚገባበት የሕዝብ መጸዳጃ ተስማሚ ሆነ። የዛሬዎቹ በሴንሰር የሚሠሩ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዚህ ቫልቭ ልጆች ናቸው፤ የተለወጠው እጀታው እንጂ ሆዱ አይደለም።

የመሣሪያው አሠራር

በመሣሪያው ራስ ላይ ጥቁር መስኮት መሰል ክፍል ይታያል። ከዚህ ክፍል በስተኋላ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር በአጫጭር ምት ይልካል፣ ሌላው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ጨረር ይቀበላል። ሰው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ሲገባ የሚመለሰው ጨረር ይበዛል። መሣሪያው ይህ ሁኔታ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይቋረጥ መቆየቱን ካረጋገጠ በኋላ ተጠቃሚ መጣ ብሎ ይመዘግባል። ይህ ቆይታ የተደረገው በፊቱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ውሃ እንዳያስለቅቅ ነው። የሚመለሰው ጨረር ሲቀንስ ደግሞ ተጠቃሚው ሄደ ብሎ ለቫልቩ ትእዛዝ ይሰጣል።

ትእዛዙን የሚፈጽመው ሶሌኖይድ የተባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማግኔት ነው። ባትሪ ሳያስጨርስ ለረጅም ጊዜ ሊሠራ የሚችለውም ማግኔቱ ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ለቅጽበት ኃይል ስለሚወስድ ነው። የቫልቩን ሆድ የሚከፍተው ግን ባትሪው አይደለም፤ የውሃው ግፊት ራሱ ነው። በቫልቩ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል የጎማ ሽፋን አለ። በሽፋኑ ላይ ባለች እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አማካይነት ውሃ ወደ ላይኛው ክፍል ይገባል፤ በላይና በታች ያለው ግፊት ሲስተካከል፣ የላይኛው ወለል ሰፋ ያለ በመሆኑ ሽፋኑ ወደ ታች ተጭኖ መተላለፊያውን ይዘጋል። ማግኔቱ የላይኛውን ክፍል ሲያስተነፍሰው የታችኛው ግፊት ያይልና ሽፋኑን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ውሃውም ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ክፍል በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ቀስ ብሎ እንደገና ሲሞላ ሽፋኑ ይዘጋል። የሚለቀቀውን የውሃ መጠን የሚወስነው እንግዲህ የቀዳዳዋ ጥበት ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ቀዳዳዋ በአሸዋ ወይም በዝገት ቅንጣት ብትደፈን የላይኛው ክፍል ሊሞላ ስለማይችል ቫልቩ አይዘጋም። 6 ሊትር ውሃ በ4 ሰከንድ የሚለቅ ቫልቭ ተከፍቶ ቢቀር በደቂቃ 90 ሊትር ያፈስሳል፤ በአንድ ሰዓት 5,400 ሊትር ማለት ነው። ይህ በሌሊት፣ ሰው በሌለበት ሕንፃ ቢሆን ጠዋት በር የሚከፍተው ጠባቂ የሚያገኘው ጎርፍ ሳይሆን የፍሳሹ መስመር ጸጥ ብሎ የዋጠው ውሃ ነውና ብልሽቱ መድረሱ እንኳ የሚታወቀው ሂሳቡ ሲመጣ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ሴንሰሩ የሚያውቀውን ይመለከታል። ሴንሰሩ የሚያውቀው ምን ያህል ጨረር እንደተመለሰለት ብቻ ነው። ሰው መጨረሱንና አለመጨረሱን አያውቅም። ጥቁር ልብስ ጨረሩን ስለሚውጥ የተቀመጠው ሰው የሌለ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ከፊት ለፊቱ ያለ የሚያብረቀርቅ በር ወይም ሸክላ ደግሞ ጨረሩን መልሶ የሌለ ሰው ያሳየዋል። የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ሲል ወይም ቦርሳውን ለማንሣት ዘወር ሲል መሣሪያው ሄደ ብሎ ውሃ ይለቃል፤ ሰውየው ቀና ሲል መጣ ብሎ ይመዘግባል፣ ሲነሣም እንደገና ይለቃል። ቁመቱ አጭር የሆነ ሕፃን ደግሞ ከጨረሩ መስመር በታች ስለሚቀር ተቀምጦ ሳለ ውሃው በድንገት እየጮኸ ይለቀቅበታል። ሴንሰር በተለመደባቸው አገሮች ወላጆች በሕፃናት ላይ ከዚህ የተነሣ የሚያድረውን ፍርሃት በሚገባ ያውቁታል፤ ብዙዎቹም ልጁ እስኪጨርስ ድረስ በመስኮቱ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መጸዳጃውን የፈራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ መዋልን ሊመርጥ ይችላል።

ቁጠባው ከምን ጋር ሲወዳደር ነው?

ውሃ ይቆጥባል የሚለው አባባል ትርጉም የሚኖረው ከምን ጋር እንደሚወዳደር ሲታወቅ ነው። መቀመጫ ያለውን መጸዳጃ በሚመለከት ሴንሰሩ የሚወዳደረው ከሰው እጅ ጋር ነው። ሰው ከመጸዳጃ ሲነሣ እጀታውን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል። ሴንሰር ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይችልም፤ ከዚህ የበለጠ ግን ሊያደርግ ይችላል፣ ያደርጋልም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት፣ በታምፓ ከተማ በሚገኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በእጅ የሚሠሩት የመጸዳጃ ቫልቮች ውሃ በመለኪያ ከተመዘገበ በኋላ በሴንሰር በሚሠሩ ተተክተው እንደገና ተለካ። የመጸዳጃዎቹ የውሃ ፍጆታ ከግማሽ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የእጅ መታጠቢያ ቧንቧዎቹም ሴንሰር ከተገጠመላቸው በኋላ ያወጡት ውሃ እንዲሁ ጨመረ፤ ምክንያቱም በእጅ የሚከፈተውን ቧንቧ ብዙ ሰው ከግማሽ በታች ይከፍተዋል፣ ሴንሰር ግን ሲከፍት ሙሉውን ይከፍታል።

የአንድ ሕንፃ ውጤት ለሕንፃ ሁሉ ሕግ ሊሆን አይችልም፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተገጠመበት ከፍታና የርቀት ማስተካከያው ውጤቱን ይለውጣሉ። ሆኖም የነገሩ ክብደት በቀላል ሂሳብ ሊታይ ይችላል። በቀን 60 ጊዜ የሚያገለግል አንድ መጸዳጃ በእያንዳንዱ ጊዜ 6 ሊትር ቢወስድ በቀን 360 ሊትር፣ በ250 የሥራ ቀናት ደግሞ 90,000 ሊትር ይሆናል። በየሁለት ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ያለአግባብ ቢለቀቅ ዓመታዊው ፍጆታ ወደ 135,000 ሊትር ከፍ ይላል። ልዩነቱ 45 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ይህም ለአንድ መጸዳጃ ብቻ ነው።

ታዲያ በአሜሪካ የመጸዳጃ ውሃ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በብዙ የቀነሰው በምን ምክንያት ነው? መልሱ በሳህኑና በቫልቩ መጠን ላይ ይገኛል። ከ1980ዎቹ በፊት በዚያ አገር የተሠሩ መጸዳጃዎች ለአንድ ጊዜ ማጠቢያ 19 ሊትርና ከዚያም በላይ ይወስዱ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ 13 ሊትር ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ አዲስ የሚሠሩ መጸዳጃዎች ከ6 ሊትር፣ የወንዶች መሽኛዎች ደግሞ ከ3.8 ሊትር እንዳይበልጡ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ዋተርሴንስ የተባለው የመንግሥት ምልክት መስጫ መርሐ ግብር 4.8 ሊትርና ከዚያ በታች ለሚወስዱ መጸዳጃዎች፣ 1.9 ሊትርና ከዚያ በታች ለሚወስዱ መሽኛዎች ምልክቱን ይሰጣል። ከላይ በተጠቀሰው በቀን 60 ጊዜ በሚያገለግለው መጸዳጃ ላይ የ13 ሊትሩ መሣሪያ በ4.8 ሊትር ቢተካ ዓመታዊው ፍጆታ ከ195,000 ወደ 72,000 ሊትር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ባትሪ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሳህኑ ለ13 ሊትር የተቀረጸ ሆኖ ሳለ ቫልቩ ብቻ ለ6 ሊትር ቢቀነስ ውሃው ቆሻሻውን ጠርጎ ሊወስድ ስለማይችል ተጠቃሚው ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲለቅ ይገደዳል። ሳህንና ቫልቭ አብረው የሚገዙ፣ አብረውም የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው። በግዥ ወቅት ዋጋው ርካሽ ነው ተብሎ አንዱን ብቻ መለወጥ በኋላ በውሃ ሂሳብ የሚከፈል ዕዳ ነው።

የወንዶች መሽኛ

የወንዶችን መሽኛ በሚመለከት ነገሩ ይገለበጣል። በብዙ የቆዩ ሕንፃዎች መሽኛውን የሚያጥበው ከላይ የተገለጸው በራሱ የሚለቅ ሣጥን ነው። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ የሚወዳደረው ከሰው እጅ ጋር ሳይሆን ከማያርፍ ሣጥን ጋር ነው። 9 ሊትር የሚይዝ ሣጥን በየ20 ደቂቃው ቢለቅ በሰዓት 27፣ በቀን 648፣ በዓመት 236,520 ሊትር ያወርዳል። ይኸው ሣጥን በ250 የሥራ ቀናት በቀን ለ10 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ቢደረግ የሚያወርደው 67,500 ሊትር ነው። ከ169,000 ሊትር የሚበልጠው ቀሪው ውሃ የሚወርደው ማንም በሌለበት ሌሊት፣ በሰንበት፣ በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ነው።

የብሪታንያ ሕግ አውጪዎች ይህን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የውሃ መገጣጠሚያዎች ደንብ ለአንድ መሽኛ የሚያገለግል ሣጥን በሰዓት ከ10 ሊትር፣ ከአንድ በላይ ለሆኑት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቦታ በሰዓት ከ7.5 ሊትር እንዳይበልጥ ገድበዋል። በግፊት ቫልቭ የሚታጠብ መሽኛም በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ከ1.5 ሊትር በላይ እንዳይወስድ ተደርጓል። በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ በጣሪያ ላይ የሚሰቀል፣ የሰውን እንቅስቃሴ የሚያስተውል አንድ ሴንሰር ለበርካታ መሽኛዎች ይበቃል፤ ሰው ሲገባ ሣጥኑ እንዲሞላ ይፈቅዳል፣ ሰው ከሌለ ውሃውን ይዘጋል። ዋጋው አነስተኛ፣ ቁጠባውም የማያጠራጥር ነው። ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ግን አይተውም፤ በጠማማው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ሽታ እንዳያስገባ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ለረጅም ሰዓታት ሰው ባይመጣም አንድ ጊዜ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ውሃ ጨርሶ የማይወስድ መሽኛም አለ። በሲፎኑ ውስጥ ከሽንት የሚቀልል የዘይት ዓይነት ፈሳሽ ይደረጋል፤ ሽንቱ በዘይቱ ሥር ያልፋል፣ ዘይቱ ከላይ ሆኖ ሽታውን ይይዛል። አሳቡ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በቪየና ከተማ ሥራ ላይ ውሏል። ዘይቱ በየጊዜው መጨመር፣ ሲፎኑም መለወጥ አለበት፤ ውሃ ባልነካው ቧንቧ ውስጥ የሽንት ጨው እየጋገረ መስመሩን ይደፍናል። የሠለጠነ የጽዳት ሠራተኛ በሌለበት ይህን መግጠም ከአንድ ዓመት በኋላ መልሶ መንቀልን መዘጋጀት ነው።

ስለ ንጽሕና

ሴንሰር የተወደደበት ዋናው ምክንያት ምናልባት ውሃ ሳይሆን ንጽሕና ነው። ብዙ ሰው የነካውን እጀታ መንካት ማንም አይወድም፤ እጀታውን በጫማው የሚጫን ሰው ሞልቷል፣ እጀታዎችም ቶሎ የሚሰበሩት ስለዚህ ነው። ሳይታጠብ የሚቀር መጸዳጃም ለቀጣዩ ተጠቃሚ ስድብ ነው። በዚህ ረገድ ሴንሰሩ ጥቅም መስጠቱን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አውቶማቲክ የሆነ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ባቀረቡት ውጤት ከኤሌክትሮኒክስ ቧንቧዎች ከተወሰዱት የውሃ ናሙናዎች 50 ከመቶው፣ በእጅ ከሚከፈቱት ደግሞ 15 ከመቶው ብቻ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዘው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የኤሌክትሮኒክስ ቧንቧዎቹ በውስጣቸው ያሉት የቫልቭ ክፍሎች መብዛት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። የተጠናው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ እንጂ መጸዳጃ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የአዲስ አበባ ሁኔታ

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች ከተቆፈሩ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። በብዙ የከተማዋ ክፍሎች ውሃ በፈረቃ ይዳረሳል። ስለዚህ ትላልቅ ሕንፃዎች፣ ትምህርት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶችም ጭምር በጣሪያቸው ላይ ወይም በግቢያቸው ማጠራቀሚያ ታንከር ያኖራሉ። ይህ ሁኔታ በሴንሰር ቫልቭ ምርጫ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ውጤት አለው።

ማጠራቀሚያ ሣጥን የሌለው የመጸዳጃ ቫልቭ ሳህኑን በሚገባ እንዲያጥብ ውሃው በሚፈስበት ጊዜ 1.7 ባር የሚያህል ግፊት ያስፈልገዋል። 1 ባር ግፊት የሚገኘው በ10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ውሃ ነው። እንግዲህ 1.7 ባር ለማግኘት ታንከሩ ከቫልቩ በላይ 17 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ በቧንቧው ውስጥ በመተሻሸት የሚጠፋው ግፊት ሳይቆጠር ነው። ታንከሩ በጣሪያው ላይ ከመጨረሻው ፎቅ መጸዳጃ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። የምድር ቤቱ መጸዳጃ ሊሠራ ይችላል፤ የላይኛው ፎቅ ግን ያለ ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ አይሠራም፤ ፓምፑም መብራት ይፈልጋል። መደበኛው የማጠራቀሚያ ሣጥን በአንጻሩ ለመሙላት የሚያስፈልገው ግፊት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሞላል፣ ሲሞላም በራሱ ክብደት ያጥባል። ውሃው ቢቋረጥ እንኳ ክዳኑን ከፍቶ በባልዲ መሙላት ይቻላል።

ሁለተኛው ውጤት የፈረቃው ውሃ ራሱ ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ውሃ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የረጋውን ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ይህ ቅንጣት በዲያፍራሙ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሲቀመጥ የሚደርሰው ከላይ ተነግሯል። ሴንሰር ቫልቭ የሚገጠምበት ሕንፃ በመግቢያው ላይ ማጥለያ፣ ለእያንዳንዱ ቫልቭም መዝጊያ ሊኖረው የግድ ነው፤ ማጥለያውን በየጊዜው አውጥቶ የሚያጥብ ሰውም እንዲሁ። መለዋወጫ ዲያፍራም በአገር ውስጥ ገበያ መገኘቱን ሳያረጋግጡ ከውጭ የመጣ ቫልቭ መግዛት ደግሞ፣ ጎማው ባረጀ ጊዜ መጸዳጃውን በሙሉ ለመዝጋት ከወዲሁ መስማማት ነው። ተዘግተው የቀሩ የሕዝብ መጸዳጃዎች ውሃ አለማባከናቸው እርግጥ ነው፤ ይህን ግን ቁጠባ የሚለው የለም።

ስለሆነም በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት የሚበጀው፣ መቀመጫ ባለው መጸዳጃ ላይ አነስተኛ ውሃ የሚወስድ ሳህን ከማጠራቀሚያ ሣጥኑ ጋር፣ በተለይም ለሽንትና ለዓይነ ምድር ሁለት የተለያየ መጠን የሚለቅ ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው። ሴንሰሩን መግጠም ከተፈለገም በመጀመሪያ የሚገባው በራሱ በሚለቀው የመሽኛ ሣጥን ላይ ነው።

በትምህርት ቤት የሚደረግ ልኬት

መሣሪያ ከመግዛት በፊት ውሃው የሚሄድበትን ማወቅ ይገባል፤ ይህንንም ተማሪዎች ራሳቸው በሳይንስ ወይም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ። የመጀመሪያው ሥራ የሣጥኑን ማፍሰስ መፈተሽ ነው። በማጠራቀሚያ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ማቅለሚያ ይጨመርና ማንም ውሃ ሳይለቅ ለ15 ደቂቃ ይጠበቃል። ቀለሙ በሳህኑ ውስጥ ከታየ የሣጥኑ መዝጊያ ጎማ ያፈስሳል ማለት ነው። የሚፈሰው ውሃ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ2 ደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስስ መዝጊያ በቀን 720 ሊትር፣ በዓመት 262,800 ሊትር ያጠፋል። የጎማው ዋጋ ከዚህ ውሃ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ስንት እንደሚሆን ተማሪዎቹ በአካባቢያቸው ታሪፍ ሊያሰሉት ይችላሉ።

ሁለተኛው ሥራ መሽኛው ሰው በሌለበት ጊዜ በስንት ደቂቃ አንድ ጊዜ እንደሚለቅ በሰዓት መመዝገብ ነው። የሣጥኑ ርዝመት፣ ስፋትና የውሃው ከፍታ በማስመሪያ ከተለካ ይዘቱ ይታወቃል፤ ከዚያም የሰዓቱ፣ የቀኑና የዓመቱ ፍጆታ ይሰላል።

ሦስተኛው የቆጣሪው ንባብ ነው። ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት ተማሪና ሠራተኛ ከወጡ በኋላ ቆጣሪው ይነበባል፤ ሰኞ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ በሩ ሳይከፈት እንደገና ይነበባል። በመካከሉ ያለው ጊዜ 60 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 3 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ ማንም ባልተጠቀመበት ጊዜ በየሰዓቱ 50 ሊትር ሲፈስስ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በታንከር የሚጠቀም ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት ሊሳሳት ይችላል፤ ዓርብ ማታ ታንከሩ ያልሞላ ከሆነ በሰንበት ውሃ ሲመጣ ታንከሩ የሚቀዳውም በቆጣሪው ላይ ይመዘገባልና። ስለዚህ በሁለቱም ንባቦች ጊዜ በታንከሩ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ በእንጨት ዘንግ ተለክቶ አብሮ መጻፍ አለበት። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ በሚቀጥለው ዓርብ ወደ መጸዳጃዎቹ የሚሄደው መስመር ብቻ ተዘግቶ ልኬቱ ይደገማል፤ ቆጣሪው በዚያ ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ውሃው ሲጠፋ የቆየው በመጸዳጃዎቹ በኩል ነው፣ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ከመሬት ሥር ያለው ቧንቧ መፈተሽ ይኖርበታል።